ያልቀመስነው አይብ

እኔ አይብ ሠሪ ነኝ። ይህን ስናገር ድምፄን ዝቅ አድርጌ አላውቅም። አንዳንድ ሰው ሥራዬን ጠይቆኝ መልሱን ሲሰማ «አይብማ ማንም ያወጣዋል» ይለኛል። «እስቲ አውጣና አሳየኝ» እለዋለሁ። እስካሁን አውጥቶ ያሳየኝ የለም።

ሙያውን የተማርኩት ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው በደርግ ዘመን፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ደብረ ብርሃን ላይ ሥራ ፍለጋ በምንከራተትበት ጊዜ ነበር። የወተት ሥራ ሥልጠና አለ ሲባል ተመዘገብኩና አዲስ አበባ አጠገብ ስድስት ወር ተቀመጥኩ። አስተማሪያችን ከአንድ የሶሻሊስት አገር የመጣች ወፍራም ሴትዮ ነበረች፤ ክንዷ የጠነከረ፣ ሳቋ ከውጭ የሚሰማ። የዓለምን አይብ ሁሉ ከመጽሐፍ እየገለጠች አሳየችን፤ እንደ ወንፊት የተበሳሳውን፣ የመኪና ጎማ የሚያህለውን፣ ቀይ ሰም የተቀባውን፣ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት የሚከርመውን። አረንጓዴ ሻጋታ ያለበትን ያሳየችን ቀን ግን ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ይህንንስ እኛ ለውሻም አንሰጥ» አለ ከኋላ አንዱ። አስተርጓሚው ምን ብሎ እንደተረጎመላት እንጃ፣ እሷም አብራን ሳቀች።

አንድ ቀን ከቤት የተላከልኝን የእናቴን አይብ አቀመስኳት። ጥቂት አሰበችና «ይህ አይብ ለመሆን መንገድ የጀመረ ወተት ነው» አለችኝ። ክፋት አልነበራትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አመንኳት። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያወጣችው አይብ በአንድ ቀን ዓይኔ ላይ አነሰ። የምስክር ወረቀቴን ይዤ ስመለስ አፍንጫዬ ደመና ይነካ ነበር።

የተመደብኩት ከአንኮበር ብዙም በማይርቅ፣ ነፋሱ አርፎ በማያውቅ አንድ የደጋ መንደር ነው። ሃያ ሦስት ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው ቆርቆሮ የለበሰ የወተት ቤት ተሰጥቷቸዋል። ሁለት ትልልቅ ድስት፣ አንድ የሙቀት መለኪያና አንድ ነጭ ጋውን ነበረን፤ ጋውኑን የምለብሰው እኔ ነኝ። ሴቶቹ አብዛኞቹ እናቴን የሚያህሉ ነበሩ። ከሁሉም የሚከበሩት የአጥቢያችን መሪጌታ ባለቤት ናቸው። ትንሽ ናቸው፣ ቀጭን ናቸው፣ ሲናገሩ ግን ቤቱ ዝም ይላል። እኔን ሲያዩ ከንፈራቸው ለፈገግታ ሸሸት ይል ነበር፤ ጋውኔን ይሁን ትምህርቴን እንዳሳቃቸው አልነገሩኝም።

የቤቱ ችግር ሁዳዴ ነበር። ጾም ሲገባ ላሟ አትጾምም። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ትታለባለች፣ ክርስቲያኑ መንደር ግን ወተት አይቀምስም። ቅቤው ተነጥሮ ይቀመጣል። አሬራው ለጥጃና ለውሻ ይደፋል። ጥቂት አይብ ይወጣና ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አሊዩ አምባ ይወርዳል፤ እዚያ ያሉት ሙስሊም ነጋዴዎችና የቆላ ገበሬዎች ጾማቸው ሌላ ስለሆነ ይገዙታል። ለስላሳው አይብ ግን የቆላ ሙቀት አይችልም፤ በማግስቱ ይኮመጥጣል። እኔ ታዲያ መላ አለኝ አልኩ። የፈረንጅ አይብ፣ ፎርማጆ፣ የሚጠነክረውን ሠርተን በአህያ እናወርዳለን፣ ወር ቢቀመጥም አይበላሽም። ከአውራጃው የተላከው ካድሬ ሐሳቡን በጣም ወደደው። በስብሰባ ላይ አስጨበጨበልኝ፣ አስከትሎም «የዘንድሮው ጾም ወተት ካልተሸጠ ቤቱ ለእህል መጋዘን ይሰጣል» አለ። ጭብጨባው ቶሎ በረደ።

ፎርማጆ ለመሥራት ወተቱን የሚያረጋ ኪኒን ያስፈልጋል። ይላካል የተባለው ኪኒን አልመጣም። እኔ ደግሞ እጄን አጣጥፌ የምቀመጥ ሴት አይደለሁም። ኪኒን በሌለበት ከሚጠባ ግልገል ጨጓራ ማርጊያ እንደሚሠራ አስተማሪዬ አሳይታኛለች። ስለዚህ በቅበላ፣ ጾሙ ሳይገባ፣ ሁለት የሚጠቡ ግልገሎች አሳረድኩ።

«ጡት ያልጣለ ግልገል ይታረዳል እንዴ?» አሉ የመሪጌታው ባለቤት። «ደግሞ ለጨጓራው!»

ሥጋው ተበላ። ጨጓራውን በጨው አሽቼ ከምድጃ በላይ ሰቀልኩት። ደርቆ፣ ተቆርጦ፣ በአጓት ተዘፈዘፈ። ከዚያ ውኃ አንድ ማንኪያ ለብ ያለ ወተት ውስጥ ጠብ አድርጌ ድስቱን ከደንኩ። ስከፍተው ወተቱ እንደ መስተዋት ረግቶ ነበር። ሴቶቹ ከበውኝ አንገታቸውን ወደ ድስቱ አሰገጉ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ኩራት እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ በመጨረሻ ያፈርኩበት ቢሆንም ኩራት ኩራት ነው።

ጾሙ ከገባ በሦስት ሳምንት ውስጥ አሥራ ሁለት ድብልብል ፎርማጆ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። የሚያስቀው ነገር፣ ጣዕሙ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ከመካከላችን አንድም አልነበረም። ሃያ አራት ሴቶች ሃያ አራታችንም ጾመኛ ነን። በጣታችን እናንኳኳዋለን፣ እናሸተዋለን፣ እንገለብጠዋለን፣ ምራቃችንን እንውጣለን። ትንንሽ ልጆችን ብናቀምስ ሁሉንም «ይጣፍጣል» አሉን፤ ልጅ ምን ያውቃል። አንዷ ተጫዋች ሴት መደርደሪያውን ባለፈች ቁጥር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለች ታስቀን ነበር።

የሚቀምሱልን አንዲት ሙስሊም የአሊዩ አምባ ነጋዴ ነበሩ። ጨውና በርበሬ አስጭነው ወደ አንኮበር ገበያ ይወጣሉ፣ ቅቤና አይብ ይዘው ይወርዳሉ። መንደራችንን ከሃያ ዓመት በላይ ያውቁታል። ምላሳቸው ሚዛን ነው ይባላል። ቅቤ ውስጥ ሞራ ከገባበት ገና ከንፈራቸው ላይ ሲያርፍ ያውቁታል። እሳቸው ጥሩ ነው ካሉ ገበያው ጥሩ ነው ይላል፣ ፊታቸውን ካጨፈገጉ ዕቃው ተመልሶ ዳገት ይወጣል። ካድሬውም የሚቀምሱበትን ቀን ሰምቶ እገኛለሁ አለ።

በዋዜማው ከመሪጌታው ባለቤት ጋር ፎርማጆዎቹን በጨው ውኃ እናጥባለን። እሳቸው ድንገት እጃቸውን አቆሙ።

«ነገ የምትመጣው የአሊዩ አምባዋ ናት?»

«አዎን እትዬ።»

«ግልገሎቹን የባረካቸው እኮ የእኛ ሰው ነው።»

በእጄ የያዝኩት ድብልብል ድንጋይ ሆኖ ከበደኝ። በእኛ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም ያልተካፈለው ነገር የለም፤ ወተቱን፣ ማሩን፣ ሠርጉን፣ ለቅሶውን። ሥጋ ሲሆን ግን ሁሉም የሚበላው የራሱ ሰው ያረደውን ነው። ሠርግ የሚደግስ ክርስቲያን ለሙስሊም እንግዶቹ ለብቻ በግ ያቀርባል፣ ከእነሱ አንዱ ያርደዋል፣ ድስቱም ለብቻ ነው። ይህን የዚያ ተዳፋት ልጅ ጥርስ ሳያወጣ ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ስለ ሙቀትና ስለ ጨው ስማር «ያረደው ማነው?» የሚል ጥያቄ ከአእምሮዬ ወጥቶ ጠፋ።

«አንድ ማንኪያ ውኃ እኮ ነው፣ ሥጋ አይደለም» አልኩ ቀስ ብዬ።

«አንቺ አሁን በሁዳዴ አንድ ማንኪያ መረቅ ሽሮሽ ላይ ጠብ ቢል ትበዪዋለሽ?»

ይህን ብለው እጥበታቸውን ቀጠሉ።

በነጋታው በማለዳ ካድሬው ማረፊያ ሄጄ ነገሩን አስረዳሁት። ወጣት ነበር፣ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ለበላዮቹ ቃል ገብቷል፤ ላቡ ግንባሩ ላይ ታየ።

«ጓዲት፣ በሃይማኖት ሰበብ ሥራውን ወደ ኋላ አትጎትቺ» አለኝ። «ወተት ወተት ነው። ካልነገርሻት በምን ታውቃለች? አፍሽን ያዢ።»

እውነቱን ልናገር፣ አፌን ለመያዝ ወስኜ ነበር የተመለስኩት። ሃያ ሦስት ሴቶች አሉ፣ ቤቱ አለ፣ ሥራዬ አለ። ማንም አይታመምም፣ ማንም አይሞትም እያልኩ ራሴን ሳባብል መጣሁ።

ነጋዴዋ ከረፋዱ ላይ ደረሱ። እጃቸውን ታጥበው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ካድሬው ከጎናቸው ቆመ፣ ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደረደሩ። አንዱን ድብልብል አውርጄ ቆረጥኩት። ውስጡ ወርቅማ ነበር፣ ያማረ፣ አንድም ስንጥቅ የሌለው። አስተማሪዬ ብታየው ትስመኝ ነበር። ነጋዴዋ ቁራሹን አነሱ፣ አሸተቱት፣ በብርሃን አዩትና ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ቢስሚላህ» አሉ።

«ይቆዩ እትዬ!»

ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ። ቁራሹ ከንፈራቸው አጠገብ ቆመ። ካድሬው ዓይኑን አፈጠጠብኝ፣ እኔ ግን አንዴ አፌን ከፍቻለሁ። ወተቱን ያረጋሁት በግልገል ጨጓራ መሆኑን፣ ግልገሉን ያረደው ክርስቲያን መሆኑን፣ ይህን ማሰብ የነበረብኝ እኔ መሆኔን ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው።

ነጋዴዋ ቁራሹን ቀስ ብለው ሳህኑ ላይ መለሱት። ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ስድብ እጠብቅ ነበር።

«ስንቱ ነው ዓይን ዓይኔን እያየ ሞራ ያለበት ቅቤ የሸጠልኝ» አሉ። «አንቺ ከአፌ መለስሽልኝ። አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ።» ከዚያ ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት። «ይህን ግን አልወስድም።»

ሊወጡ ሲነሱ በር ላይ ቆም አሉ። «የእናንተን አይብ ዕድሜ ልኬን ስበላ ኖሬያለሁ፤ እናቴም በልታለች። ምን ጎደለውና ጨጓራ ጨመራችሁበት? እሱኑ ቆላ የሚችል አድርጉልኝ እንጂ። ወላሂ፣ ያን ቀን ሁሉንም እወስዳለሁ።»

ካድሬው እስከ ሆሳዕና ዋዜማ ገዥ ካልተገኘ ቤቱን እንደሚዘጋ ነግሮን በሩን በርግዶ ሄደ። እኔ ከቤቱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ቶሎ የማለቅስ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ያስለቀሰኝ ንዴት ነው፣ በራሴ ላይ። አንዷ ሴት ተከትላኝ መጥታ «አፍሽን ብትይዢ ምን ነበረበት? ልጆቼ የሚለብሱት ከዚህ ቤት ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አልተቀየምኳትም። የመሪጌታው ባለቤት ግን ሰምተው ደረሱ።

«ተይ እንጂ!» አሏት። «እነሱ አውቀው የሥጋ መረቅ ቢያበሉሽ ምን ትያለሽ? ይልቅ ሁለታችሁም ኑ፣ እሳት አንድዱ። ሴትዮዋ እኮ ሥራ ሰጥታን ነው የሄደችው።»

ሙያዬን ሁለተኛ ጊዜ መማር የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። አይባችን የሚወጣው ቅቤው ከተወሰደለት አሬራ ስለሆነ ይፈረፈራል። እኛ ቅቤው ያልወጣለት ወተት አፍልተን፣ የኮመጠጠ አሬራ እየጨመርን አረጋነው። ጨው ነስንሰን፣ በአቡጀዲ ጠቅልለን፣ የወፍጮ ድንጋይ ጫንበት። የመጀመሪያው እንደ አሸዋ ተበተነ። ሁለተኛው እንደ ጫማ ሶል ደረቀ። ሦስተኛው ላይ የሙቀት መለኪያዬን ይዤ ስሮጥ የመሪጌታው ባለቤት እጄን ያዙኝ።

«አትነካኪው» አሉ። «አይብ ሲጣደፉበት ይቆጣል። አሬራውን በጽዋ በጽዋ፣ በድስቱ ዳር ዳር አፍስሺ። ከዚያ አቡነ ዘበሰማያትን ሰባት ጊዜ ድገሚና አውጪው።»

«ለምን ሰባት?»

«እናቴ ሰባት ትደግም ነበራ!»

ደገምን። ሃያ ሦስት ሴቶች በድስት ዙሪያ ቆመው አቡነ ዘበሰማያት ሲደግሙ እኔ ተደብቄ የእጅ ሰዓቴን አየሁ። አራት ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ወጣ። በነጋታው ለብቻዬ በሰዓት ሞከርኩት። ስድስት ደቂቃ ሳቆየው ጠነከረ፣ ሁለት ደቂቃ ሳቆየው ፈረሰ። ሰባቱ ጸሎት ልክ ነበር። ያን ቀን የምስክር ወረቀቴን አላቃጠልኩም፣ አልናቅሁትምም፤ ግን እናቴን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኋት።

አራተኛው ድብልብል ሲፈታ ነጭ፣ ለስላሳ፣ በቢላዋ ሲቆረጥ የማይፈረፈር ሆኖ ወጣ። በወይራ ጭስ አጠንነው፤ ቆዳው ቡናማ ሆነ። ሳምንት አስቀመጥነው፣ አልኮመጠጠም። አሁንም አንዳችንም አልቀመስነውም። ሕንዶችም ወተት በሎሚ አርግተው እንደሚጫኑት ከብዙ ዓመት በኋላ ሰምቻለሁ፤ እሰየው፣ ብልህ ሕዝብ ናቸው። እኛ ግን ከማንም አልቀዳንም። አስተማሪዬ ዛሬ ብትመጣ መጽሐፏ ውስጥ አንድ ገጽ እንድትጨምር አደርጋት ነበር።

የቀሩት ፎርማጆዎች ጾሙ እስኪፈታ ጠብቀው በፋሲካ ሰሞን ደብረ ብርሃን ላይ በአንድ ቀን ተሸጡ፣ ጥሩ ነበሩ ይባላል። ቤቱም ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራ። ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ ግን የማወራው ይህን አይደለም። የማወራው በሆሳዕና ዋዜማ አሊዩ አምባ ገበያ ስለነበረው ነገር ነው።

ሠላሳ ድብልብል በሁለት አህያ ጭነን ከሌሊቱ መጨረሻ ላይ ተነሣን፤ እኔና ያቺ የተናደደችብኝ ሴት። ቁልቁለቱን ስንጨርስ ፀሐይዋ ታቃጥል ነበር። ነጋዴዋ በገበያው መካከል ቦታ ይዘው ጠበቁን፣ ከጎናቸው ጆንያ አንጥፈው አስቀመጡኝ። አይቡን ደረደርን። ሰው ያልፋል፣ ያያል፣ ይንሾካሾካል፣ አይቀርብም። ወሬ ቀድሞን ወርዷል፦ «ጨጓራ ያለበት የክርስቲያኖቹ አይብ» ይባል ነበር። ረፈደ። ከድብልብሎቹ አንዱም አልተነካም። ጓደኛዬ መሬት መሬቱን ታያለች። እኔ አውቄዋለሁ፣ ይህ ሁሉ ተመልሶ ዳገት ይወጣል፣ ነገ ቤቱ ይዘጋል።

እኩለ ቀን ሲቃረብ አንድ ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው መጡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። የአካባቢው ሼህ መሆናቸውን ለማወቅ ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገም። አይቡን ቁልቁል አዩና ነጋዴዋን ጠየቁ።

«እውነት ነው የሚባለው? ምን አለበት ይሄ?»

ነጋዴዋ መልስ መስጠት ይችሉ ነበር። ምላሳቸው የገበያው ሚዛን ነው። አልሰጡም።

«እኔን ምን ይጠይቁኛል?» አሉ። «ሠሪዋ ይቻትና። ባለፈው ከአፌ የመለሰችልኝ እሷ ናት።»

ሼሁ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ሞራ የጋረደው ነበር፣ ቢሆንም ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ልጄ፣ ምን አለበት?»

«ወተት» አልኩ። «አሬራ። ጨው።»

ነጋዴዋ ቆርሰው ሰጧቸው። ሽማግሌው ቢስሚላህ ብለው አፋቸው ውስጥ ከተቱት። ጥርሳቸው ጥቂት ስለሆነ ማኘኩ ጊዜ ወሰደ። ዋጡት። ከዚያ ሁለተኛ ሳይጠይቁኝ ወደ ቆመው ሕዝብ ዞሩና ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አንኳኩ።

«ነግራናለች እኮ» አሉ። «ምን ትጠብቃላችሁ?»